የአውሮፓ የሃይማኖት መከፋፈልና የአፍሪካ መንግሥታት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የተነሣው የሃይማኖት መከፋፈል ከአፍሪካ መንግሥታት፣ በተለይም ከኮንጎና ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተገናኘበትን መንገድ ይመለከታሉ። በትምህርት ቤት ሉተርን በአንድ ምዕራፍ፣ ዐፄ ሱስንዮስን በሌላ ምዕራፍ ስለተማርን ብዙዎቻችን ሁለቱ የአንድ ዘመን ማዕበል የነካቸው ሰዎች መሆናቸውን ልብ አንልም። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአውሮፓ የተነሣው መከፋፈል በአጭሩ ምን ነበር?

በኦክቶበር 1517 ማርቲን ሉተር የተባለ ጀርመናዊ መነኩሴና የነገረ መለኮት መምህር በቪተንበርግ ከተማ 95 አንቀጾች ያሉት ጽሑፍ አውጥቶ፣ የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ እየተባለ በገንዘብ ይሸጥ የነበረውን ደብዳቤ ተቃወመ። ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ የሮማውን ፓፓ ሥልጣን ወደመካድ አደገ፤ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በስካንዲኔቪያና በሆላንድ የየራሳቸው መልክ ያላቸው የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቋቋሙ። ካቶሊኮችም በበኩላቸው ከ1545 እስከ 1563 በትሬንት ጉባኤ ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ በ1540 የጸደቀው የኢየሱሳውያን ማኅበርም የሮማን እምነት ወደ ሩቅ አገር የሚያደርስ ክንዳቸው ሆነ። በጀርመን ምድር ለ30 ዓመት የዘለቀው ጦርነት በ1648 እስኪያበቃ ድረስ ሃይማኖትና ፖለቲካ አልተለያዩም።

ይህ ከአፍሪካ ጋር ምን አገናኘው?

አንደኛው ምክንያት መርከብ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው የወረዱት ፖርቱጋሎች ከሮማ ባገኙት ፈቃድ፣ በደረሱበት ሁሉ ካህናትን የመላክና ቤተ ክርስቲያንን የማስተዳደር መብት የንጉሣቸው ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1580 የፖርቱጋል ዘውድ ከስፔን ዘውድ ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ሲወድቅ፣ በስፔን ላይ ያመፁት ፕሮቴስታንት ሆላንዳውያን የፖርቱጋልን ምሽጎች ሁሉ እንደ ጠላት ንብረት ቆጠሩ። በ1621 የተቋቋመው የሆላንድ የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ በ1637 በዛሬዋ ጋና የሚገኘውን የኤልሚናን ምሽግ፣ በ1641 ደግሞ የአንጎላዋን ሉዋንዳ ያዘ። የአውሮፓ የእርስ በርስ ጠብ በዚህ መንገድ ወደ አፍሪካ ነገሥታት ደጃፍ መጣ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለእርሱ ነው። አውሮፓውያን እርስ በርስ ሲከራከሩ ከሮማ ውጭ የቆየ ጥንታዊ ክርስትና ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልገዋል። መልሱን ለመስማትም ወደ ኢትዮጵያውያን ዞረዋል።

የኮንጎ መንግሥት ክርስትናን የተቀበለው በኃይል ተገድዶ ነው?

አይደለም። ዲዮጎ ካኦ የተባለው መርከበኛ ወደ ኮንጎ ወንዝ አፍ በ1480ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲደርስ፣ ዋና ከተማውን ምባንዛ ኮንጎ ያደረገ፣ የተደራጀ ግብርና ሹመት ያለው መንግሥት በሥፍራው ነበር። ንጉሡ ንዚንጋ አ ንኩዉ በ1491፣ ከሉተር ክርክር 26 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ተጠምቆ ዣኦ ተባለ። ፖርቱጋሎች በዚያን ጊዜ አገሩን የሚያስገድዱበት ሠራዊት አልነበራቸውም፤ ንጉሡና መኳንንቱ ወደ አዲሱ እምነት የገቡት በራሳቸው ስሌትና በራሳቸው እምነት ነው።

ሃይማኖቱን ሥር ያስያዘው ልጁ አፎንሶ ነው፤ እስከ 1540ዎቹ መጀመሪያ በዙፋን ላይ ቆይቷል። ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፣ የመኳንንት ልጆችን ወደ ሊዝበን ላከ፤ ልጁ ሄንሪኬም በ1518 በሮማው ፓፓ ፈቃድ ለጵጵስና ታጨ። ይኸው አፎንሶ ነው በ1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ነጋዴዎች የአገሩን ሰዎች፣ የመኳንንቱንና የዘመዶቹን ልጆች ሳይቀር፣ እየነጠቁ ይሸጣሉ ብሎ በምሬት የከሰሰው። ከአውሮፓ የፈለገውን ሲዘረዝር ካህናትና መምህራን፣ እንዲሁም ለቅዳሴ የሚሆን ወይንና ዱቄት ብሎ ነበር የጻፈው። እነዚህ ደብዳቤዎች በፖርቱጋልኛ ተጽፈው እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል፤ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ በራሱ አንደበት የተናገረበት ማስረጃ በመሆናቸው ዋጋቸው የሚተመን አይደለም።

ኮንጎ ከፕሮቴስታንት ሆላንዳውያን ጋር ተባብሮ እንዴት ካቶሊክ ሆኖ ቆየ?

የኮንጎ ነገሥታት የእምነትን ጉዳይና የጦርን ጉዳይ ለይተው ማየት መቻላቸው የታየው በዚህ ነው። ፖርቱጋሎች በ1570ዎቹ በሉዋንዳ ቅኝ ግዛት ከመሠረቱ ወዲህ በኮንጎ ደቡባዊ ድንበር ላይ እየገፉ ይመጡ ነበር። ስለዚህ በ1641 የነገሠው ዳግማዊ ጋርሲያ ሉዋንዳን ከያዙት ሆላንዳውያን ጋር ፖርቱጋሎችን ለማስወጣት ቃል ኪዳን ገባ። ሆላንዳውያን የካልቪንን ትምህርት፣ ማለትም እነርሱ የተከተሉትን የፕሮቴስታንት እምነት፣ የሚያስተምሩ ሰባኪዎችን ለመላክ ሲጠይቁት ግን አልተቀበላቸውም። ወዳጅነቱ በጦር እንጂ በእምነት አልነበረም። እንዲያውም እዚያው ጦርነት መካከል፣ በ1645፣ ከሮማ በቀጥታ የተላኩትን የካፑቺን መነኮሳት በክብር ተቀበለ፤ እነዚህ በፖርቱጋል ንጉሥ ሥር ያልሆኑ ካህናት ስለነበሩ ለእርሱ ዓላማ የተስማሙ ነበሩ።

ኮንጎ ከሮማ ጋር በቀጥታ ለመነጋገር የሞከረው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ዳግማዊ አልቫሮ የላከው አምባሳደር አንቶኒዮ ማኑኤል ነ ቩንዳ ብዙ ዓመት በመንገድ ከተንገላታ በኋላ በ1608 መጀመሪያ ሮማ ሲደርስ በጽኑ ታሞ ነበር። ፓፓ ጳውሎስ 5ኛ ራሳቸው አልጋው ድረስ ሄደው ጠየቁት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ዐረፈ። በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከኅብር ድንጋይ የተቀረጸ ምስሉ እስከ አሁን ይታያል። በሌላ በኩል በኮንጎ ሥር የነበረችው የሶዮ ግዛት ሚጌል ዴ ካስትሮ የሚባል መልእክተኛ በ1643 ሆላንዳውያን ወደያዙት ብራዚልና ወደ ሆላንድ ልካለች፤ ሠዓሊዎች ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጎ፣ ዐይኑን ቀጥ አድርጎ ሲመለከት የሣሉት ሥዕል ኮፐንሃገን ይገኛል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ላስተዋለ ሰው፣ አንዱ ወደ ካቶሊኩ ሮማ፣ ሌላው ወደ ፕሮቴስታንቱ ሆላንድ የተላኩ የአንድ ምድር ልጆች ናቸው።

የኋላው መጨረሻ ግን መራራ ነው። ፖርቱጋሎች በ1648 ሉዋንዳን መልሰው ያዙ። በኦክቶበር 1665 በምብዊላ በተደረገው ጦርነት የኮንጎው ንጉሥ ቀዳማዊ አንቶኒዮ ተገደለ፤ አገሩም ለአሥርተ ዓመታት በዙፋን ይገባኛል ባዮች ጦርነት ተበታተነ።

ኪምፓ ቪታ ማን ናት? ከሉተር ጋር ልትነጻጸር ትችላለች?

በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1704፣ ቤያትሪስ ኪምፓ ቪታ የምትባል የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ቅዱስ እንጦንዮስ አድሮብኛል ብላ ተነሣች። ክርስቶስ የተወለደው በምባንዛ ኮንጎ ነው፣ ቅዱሳንም ጥቁሮች ነበሩ ብላ አስተማረች፤ ነገሥታቱ ታርቀው የፈረሰችውን ዋና ከተማ እንዲያቀኑ ጠየቀች፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተከታዮቿም ወደ ባዶዋ ከተማ ገብተው ሰፈሩ። በጁላይ 1706 በንጉሥ አራተኛ ፔድሮ ግዛት፣ ካፑቺን መነኮሳት ባሉበት፣ በመናፍቅነት ተፈርዶባት በእሳት ተቃጠለች።

ንጽጽሩ በከፊል ብቻ ይሠራል። እንደ ሉተር የውጭውን የቤተ ክህነት ሥልጣን ተጋፍታለች፤ መነሻዋ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ክርክር ሳይሆን የፈረሰ አገርን የማቅናት ጥሪ ነበር። የአውሮፓ ተሐድሶ ቅጥያ አድርጎ ማቅረብ ታላቅነቷን ማሳነስ ይመስለኛል።

ንግሥት ንጂንጋስ?

በዛሬዋ አንጎላ የነበሩት የንዶንጎና የማታምባ መንግሥታት ንግሥት ንጂንጋ በ1622 ሉዋንዳ ለድርድር ሄዳ አና ዴ ሶዛ በሚል ስም ተጠመቀች፤ በኋላ ክርስትናውን ትታ ከሆላንዳውያን ጋር ሆና ፖርቱጋሎችን ወጋች፤ በ1650ዎቹ ደግሞ ወደ ካቶሊክ እምነት ተመልሳ በ1663 እስክታርፍ ድረስ በዚያው ጸናች።

ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በባሪያ ንግድ ላይ የተለየ አቋም ነበራቸው?

በተግባር ሲታይ ልዩነት አልነበራቸውም። በ1455 የወጣው የፓፓ ኒቆላዎስ 5ኛ ደብዳቤ ለፖርቱጋል ንጉሥ አሕዛብን ወደ ባርነት የማግባት ፈቃድ ሰጥቷል። ሆላንዳውያን ደግሞ ኤልሚናንና ሉዋንዳን የፈለጉበት ዋና ምክንያት ለብራዚል የሸንኮራ እርሻ የሚሆኑ ባሪያዎችን ማግኘት ነበር፤ እንግሊዞችና ዴንማርኮችም ተከተሏቸው። ስለ ጸጋና ስለ ነጻነት አጥብቀው የተከራከሩት ወገኖች ሁሉ መርከባቸውን በሰው ጭነት ሞልተዋል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ዘመኑ መንፈሳዊ መነቃቃት መጻፍ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ክርስቲያን ያልነበሩት መንግሥታት ከዚህ ምን አገኙ?

ባብዛኛው ያገኙት የገበያ ምርጫ ነው። በጋና ጠረፍ ሆላንዳውያን፣ እንግሊዞችና ዴንማርኮች ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጠው ስለተቀመጡ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኦሴይ ቱቱ ዘመን የተነሣው የአሻንቲ መንግሥት በነበሩት ውድድሮች እየተጠቀመ ወርቅና ባሪያ ሸጦ ጠመንጃ ይገዛ ነበር። በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረው የቤኒን መንግሥት ንጉሥ ኤሲጊዬም በ1510ዎቹ የፖርቱጋል ካህናትን ወደ ከተማው አስገብቷል፤ ሃይማኖቱ ግን በቤተ መንግሥቱ አልጸናም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተርን አነጋግሯል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ቪተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከባልደረባው ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋገረ። ሉተር ለዲያቆኑ በጁላይ 1534 በጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ እነርሱ የሚጠብቁት የቅዳሴና የቅዱስ ቁርባን ሥርዓት ከምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር እንደሚስማማ ከሚካኤል መረዳቱን ገልጿል።

ሉተርን ያስደሰተው ነገር ግልጽ ነው። ተቃዋሚዎቹ ከፓፓው ሥልጣን የወጣ ክርስቲያን ሊኖር አይችልም ይሉት ነበር፤ እነሆ ከጥንት ጀምሮ እንደ ክርስቲያን የኖረ፣ ለሮማ ያልተገዛ ሕዝብ ምስክር መጣለት። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ሉተር ትምህርቱን ከኢትዮጵያ ወሰደ የሚለው አባባል ከማስረጃው አልፎ የሚሄድ ነው፤ ሚካኤል ሲመጣ የሉተር ዋና ዋና ጽሑፎች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ምን ደረሰበት?

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው የፖርቱጋል መልእክት በ1526 ሲመለስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጸጋ ዘአብን የራሳቸው አምባሳደር አድርገው አብረው ላኩት። ጸጋ ዘአብ ወደ ሮማ ሊሄድ ቢመጣም ሊዝበን ላይ ለብዙ ዓመታት ተያዘ። የፖርቱጋል ነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ ግዝረት፣ ስለ ቀዳሚት ሰንበትና ስለ ጾም አጥብቀው መረመሩት፤ ቁርባንም ከለከሉት። አንድ ክርስቲያን አምባሳደር በክርስቲያኖች አገር እንደ ዐረማዊ መቆጠሩ ምን ያህል እንዳሳዘነው በጻፈው የእምነት መግለጫ ውስጥ ይነበባል፤ ግሪኮች፣ አርመኖችና ኢትዮጵያውያን በየሥርዓታቸው በክርስቶስ ፍቅር አብረው እንዲኖሩ መተው ይገባል ብሎ ተከራከረ።

ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ያሳተመው ዳሚያኦ ዴ ጎይስ የታዋቂው ሆላንዳዊ ሊቅ የኤራስመስ ወዳጅ፣ ሉተርንና ሜላንክቶንንም በአካል ያገኘ ፖርቱጋላዊ ምሁር ነበር። መጽሐፉ በአውሮፓ ተነበበ፤ በፖርቱጋል ግን የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት እንዳይሠራጭ አገደው፤ ጎይስም ራሱ በስተርጅናው በዚያው ፍርድ ቤት ተከሷል። የኢትዮጵያዊውን ቃል አደገኛ ያደረገው የአውሮፓ ክርክር ነበር፤ ከ1517 በፊት ቢነገር ኖሮ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ተሰምቶ ያልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዐፄ ገላውዴዎስ ለኢየሱሳውያን ምን መልስ ሰጡ?

በ1541 የገቡት 400 የፖርቱጋል ነፍጠኞች ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ረድተዋል፤ ከ1543ቱ ድል በኋላ ግን ፖርቱጋል ዋጋውን በሃይማኖት ለመቀበል ፈለገች። ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ ውለታውን ሳይክዱ እምነታቸውን አስረዱ። ቀዳሚትን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኑብያ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አሉ። ቁጣ የሌለበት፣ ነገር ግን አንዲት ስንዝር የማይለቅ መልስ ነው። በተማረ ንጉሥ እጅ ከተጻፉ የኢትዮጵያ ሰነዶች መካከል ከፊተኞቹ እንደሚመደብ አልጠራጠርም።

ዐፄ ሱስንዮስ ለምን ካቶሊክ ሆኑ? ለምንስ አልተሳካላቸውም?

በ1603 የገባው ፔድሮ ፓኤዝ ዐማርኛና ግእዝ የተማረ፣ ታጋሽና ከሰው ጋር ተግባቢ ካህን ነበር። ሱስንዮስ በ1607 ሲነግሡ ዙፋናቸው በብዙ ባላባት ይናወጥ ነበር፤ ከስፔንና ከፖርቱጋል ንጉሥ ጦር ማግኘትን ተስፋ አደረጉ፤ ለአንድ ማእከል የሚገዛ ቤተ ክርስቲያን የሚለው የኢየሱሳውያን ትምህርትም ሥልጣንን ለመሰብሰብ ይመቻቸው ነበር። የክርስቶስን ባሕርይ በሚመለከተው ክርክር ከልባቸው አምነው እንደነበርም መካድ አይገባም። በ1622 እምነታቸውን በይፋ ገለጡ።

ውድቀቱን ያፋጠነው ፓኤዝ በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ነው። በትሬንት ጉባኤ መንፈስ ያደገ፣ መንገድ የማይሰጥ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ እንደ አዲስ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ በዓላቱም በሮማ አቆጣጠር እንዲውሉ አዘዘ። አባቶቹ ሳይጠመቁ ሞቱ የተባለ ገበሬ ዝም ሊል አይችልም። አቡነ ስምዖን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1617 ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰልፈው ተገድለዋል፤ እንደ እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ያሉ የመኳንንት ሴቶችም ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው መነኮሳትን አደራጅተው ተቃወሙ። በጁን 1632 ከላስታዎቹ ጋር በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ቢያሸንፉም በሜዳው የወደቀው 8,000 ያህል ሰው ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ነበር። ሱስንዮስ የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ በትውፊት «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ ካቶሊኮችን ሲያባርሩ ወደ ፕሮቴስታንቶች ዞረው ነበርን?

አልዞሩም። ኢየሱሳውያን ተባርረው አገሩ ለካቶሊክ ካህናት ሲዘጋ፣ ፒተር ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ከተማ ሉተራዊ በ1634 ገደማ ከግብፅ ተነሥቶ ገብቶ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ለዓመታት ኖሯል። ይህ ግን የአንድ ሰው ጉዞ እንጂ የመንግሥት ስምምነት አልነበረም። ፋሲለደስ ወዳጅነትን የፈለጉት በቀይ ባሕር በኩል ከኦቶማኖችና ከየመን ገዢዎች ጋር ነበር።

ለዐማርኛ ቋንቋ ከዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር አለ?

አለ፤ እጅግም ታላቅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአምሐራ ምድር ሰው ከኢየሱሳውያን ወገን ስለነበሩ አገራቸውን ለቅቀው ሮማ፣ በፓፓው ግዛት በሚገኘው የሐበሾች ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ ነበር። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሉተራዊ በ1649 እዚያ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ በጎታ የሚገዛው ሉተራዊው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠርቶ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ ለወራት ጠየቃቸው፤ ሉዶልፍም እያስተረጎመ ጻፈ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ ዐረፉ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የመጀመሪያውን የታተመ የዐማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የሁለት ተፋላሚ አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዐማርኛን ግስ ሲዘረዝሩ፣ የ30 ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና 4 ዓመት አልሞላም ነበር።